ወንድሜ የላከው ደዋይ ሣጥን የስልክ ወጪያችንን ይቀንስልናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። እናቴ ከዘጌ ቡና እያስመጣች ለጎንደርና ለአዲስ አበባ ደንበኞች ትልካለች። ሥራዋ በሙሉ በስልክ ነው። ሞባይል አትወድም፤ ዓይኗም ስለደከመ ከሳሎኑ መደበኛ ስልክ በቀር አትነካም። ሂሳቡ ግን ከወር ወር እየጨመረ መጥቷል። ፍራንክፈርት የሚኖረው ወንድሜ ድሮ እሱ ቤት ትሠራ የነበረች ትንሽ ሣጥን በሰው እጅ ላከልን። በስልኩና በግድግዳው መሰኪያ መካከል ትገባለች፤ ርካሹን መንገድ ራሷ መርጣ ትደውላለች አለን። መሰኪያዋን በባለሙያ አስቀይረን አስገባናት። ከዚያ በኋላ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ስንደውል የደወላችሁት ቁጥር ትክክል አይደለም ይለናል። ሣጥኗን ስናወጣት ይሠራል። መመሪያዋ በጀርመንኛ ነው። እንዴት ነው የምትስተካከለው? ሌላም ነገር አለ። አንድ ጎረቤታችን የውጭ ጥሪ በርካሽ የሚያስገባ መሣሪያ አለኝ፣ በእናትሽ ስም ሁለት ሲም አውጥታችሁ ስጡኝ፣ በየወሩ እከፍላችኋለሁ እያለን ነው። ይሄስ ያዋጣናል?
ከሽምብጥ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልነሣ። ለጎረቤትዎ ሲም አይስጡ፤ ዛሬም ነገም፣ በምንም ያህል ክፍያ። ምክንያቱን ወደ ታች በደንብ እጽፈዋለሁ። ይህን ግን ቀድመው እንዲይዙልኝ ፈልጌ ነው።

አሁን ወደ ሣጥኗ እንምጣ። ሣጥኗ አልተበላሸችም። እንደ ተሠራችበት እየሠራች ነው፤ ችግሩ የተሠራችው ለጀርመን የስልክ ገበያ መሆኑ ነው። እዚያ አገር እስከ 1997 መጨረሻ ድረስ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ተራው ሰው ከቤቱ የሚደውለው በዶይቼ ቴሌኮም በኩል ብቻ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ገበያው ሲከፈት ሰው መስመሩን ሳይቀይር፣ ለአንዷ ጥሪ አንዱን ኩባንያ፣ ለሌላዋ ጥሪ ሌላውን መምረጥ ቻለ። የሚመርጠውም ከሚፈልገው ቁጥር በፊት በ010 የሚጀምር የኩባንያ ኮድ በመደወል ነበር። ለአንድ አገር የሚረክሰው ኩባንያ ለሌላው አገር ይወደድ ነበር፤ ቀን የሚረክሰው ማታ ይወደድ ነበር፤ ዋጋውም ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ነበር። ያን ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚደውል ሰው አይገኝም ነበር። ስለዚህ የዋጋ ሰንጠረዥ በሆዳቸው የያዙ፣ ኮዱን በደዋዩ ፋንታ የሚጨምሩ ሣጥኖች ወጡ። የወንድምዎ ሣጥን ከእነዚያ አንዷ ናት።

ነገሩ የጀርመን ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ትልቁ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ከተከፋፈለ በኋላ ሰዎች ለሩቅ ጥሪ የመረጡትን ኩባንያ በኮድ ይጠሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሜርኩሪ የሚባለው ኩባንያ ደንበኞች ኮዱን ለመደወል ሰማያዊ ቁልፍ ያለበት ስልክ ነበራቸው፤ ቁልፏን ሲጫኑ ስልኩ ራሱ ወደ ሜርኩሪ መስመር ይሻገራል። ሐሳቡ በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ጣና ወደብ ላይ ቆሞ መንገደኛውን “ወዴት ነህ?” የሚል ሰው ያስቡ። ዘጌ ያለውን ወደ አንዱ ጀልባ፣ ጎርጎራ ያለውን ወደ ሌላው ይመራል። ደዋይ ሣጥንም የቁጥሩን የመጀመሪያ አሃዞች ሰምታ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጀልባው አንድ ብቻ ከሆነ ግን መሪው ምንም ቢያውቅበት ለውጥ አያመጣም።

የእናትዎ መስመር እንዲሁ ነው። በ058 የሚጀምረው መደበኛ ስልክ የኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ከቁጥሩ በፊት ኮድ ጨምሮ በሌላ ኩባንያ ማስተላለፍ የሚባል ነገር የለም። ሣጥኗ ይህን አታውቅም። እናትዎ የጎንደሩን ቁጥር ሲደውሉ ከፊቱ 010ን እና ሌሎች አሃዞችን ትቀጥላለች፤ የባሕር ዳሩ የስልክ ማዕከል የሚደርሰው ቁጥር እዚህ አገር የሌለ ይሆናል፤ መልሱም የሰማችሁት ነው።

ይህንን በጆሮዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሣጥኗ እንደተሰካች እጀታውን ያንሡና የራስዎን የሞባይል ቁጥር ቀስ ብለው፣ አሃዝ በአሃዝ ይደውሉ። አሥረኛውን አሃዝ ከተጫኑ በኋላ ጣትዎን አንሥተው ዝም ብለው ያዳምጡ። ትንሽ ጸጥታ ይሆንና ማንም ቁልፍ ሳይነካ ፈጣን የቁልፍ ድምፆች ተከታትለው ይወጣሉ፤ የሰው ጣት በዚያ ፍጥነት አይደውልም። እነዚያ ድምፆች ሣጥኗ ራሷ የምትደውላቸው ናቸው። ቁጥራቸውም እርስዎ ከደወሉት ከአሥሩ ይበዛል፤ ትርፉ የጀርመኑ ኮድ ነው። ይህን ከሰሙ መመሪያውን የሚያስተረጉሙበት ገንዘብ አያውጡ። የሚያውቅ ሰው አግኝተው ኮዶቹን ከሰንጠረዡ ቢያስጠፉ እንኳ የሚቀረው ቁጥሩን እንደመጣ የሚያሳልፍ ሣጥን ነው። ያን ደግሞ ሽቦው ብቻውን ያደርገዋል። ያውጧትና ስልኩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት።

ወንድምዎ ግን በሐሳቡ አልተሳሳተም። መነሻ ቁጥሩን አይቶ መንገድ መምረጥ ባሕር ዳርም ይጠቅማል፤ ምርጫው ያለው ግን ሞባይሉ ላይ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የሞባይል መንገዳችን ሁለት ሆኗል። የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል በ09 ይጀምራል፤ የሳፋሪኮሙ በ07። ጥቅል ሲገዙ ደግሞ አንዳንዱ ለራሱ ኔትወርክ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ አንዳንዱ ወደ ሁሉም ኔትወርክ ያስደውላል። ወጪ የሚቆጠበው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይሥሩልኝ፤ የምክሬ ሁሉ መሠረት እሱ ነው። ስልኩ አጠገብ ደብተር ያስቀምጡና አንድ ወር ሙሉ እያንዳንዱን ጥሪ ይመዝግቡ፤ ለማን እንደተደወለ፣ የቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት አሃዝ፣ ስንት ደቂቃ እንደተወራ። እናትዎ መጻፍ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ማታ ማታ እየጠየቁ እርስዎ ይሙሉት። ለወሩ ሂሳብ ዝርዝሩን እንዲሰጧችሁም መስመሩ የተመዘገበበትን ሰው መታወቂያ ይዛችሁ ቴሌ ሱቅ ጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ ሂሳቡን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ የሚደወልለት ሰው ይመስለዋል። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን በሳምንት አንዴ ብቻ የሚደወል፣ ግን ተዘርግቶ የሚወራ ጥሪ ሆኖ ይገኛል። ወይም ማንም ያላሰበው የውጭ ቁጥር።

ይህን የውጭ ቁጥር ነገር በተለይ ይፈልጉልኝ። ከማይታወቅ አገር አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ አለ። ልጃቸው ውጭ አገር ያለ እናት “ልጄ ይሆናል” ብለው መልሰው ይደውላሉ፤ ደዋዮቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። መልሶ የሚደወለው ጥሪ ዋጋው ከፍ ያለ መስመር ላይ ያርፋል። ሂሳቡ ባንድ ወር ድንገት ዘልሎ ከሆነ ምናልባት ምንጩ ይህ ነው። ለእናትዎ የጀርመን ቁጥር በ0049 እንደሚጀምር ያሳዩዋቸውና ሌላውን የውጭ ቁጥር መልሰው እንዳይደውሉ ይንገሯቸው።

ደብተሩ ሲሞላ፣ ከደብዳቤዎ እንደገባኝ አራት ዓይነት ጥሪ ይወጣል። አንደኛው የዘጌው ቡና ሰብሳቢ ነው፤ በሞባይል፣ ብዙ ጊዜ፣ አጭር አጭር። ሁለተኛው ጎንደር ነው፤ በ0581 የሚጀምር መደበኛ ስልክ ወይም ሞባይል። ሦስተኛው የአዲስ አበባ ደንበኞች ናቸው፤ በ011 የሚጀምሩም፣ 09ም፣ 07ም የተቀላቀሉበት። አራተኛው ፍራንክፈርት።

አሁን 09 እና 07ን ለየብቻ ይደምሩ። ከሞባይል ጥሪው አብዛኛው 09 ከሆነ ሁለተኛ ሲም ማውጣት ድካም ብቻ ነው። አንድ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ላይ *999# ደውለው ለደቂቃዎቻችሁ የሚመጥን ጥቅል ይፈልጉ። 07 የሚባሉት ደንበኞች ጥቂት ባይሆኑ ግን ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ወደ ሁሉም ኔትወርክ የሚያስደውል ጥቅል መግዛት፣ ወይ ሁለት ሲም ይዞ 09ን በአንዱ፣ 07ን በሌላው መደወል። ሲገዙ ሻጩን “ይህ ጥቅል ወደ ሌላው ኩባንያም ወደ መደበኛ ስልክም ያስደውላል?” ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ ይህን ሳይጠይቅ ገዝቶ ከዋናው ሂሳቡ የሚቆረጥበት ሰው ብዙ ነው። ከጥሪ በፊትና በኋላ በ*804# ቀሪውን ማየት የትኛው እየተቆረጠ እንደሆነ ወዲያው ያሳያል።

የጥቅል ዋጋ ሲያወዳድሩ ለተሰጠው ደቂቃ አያካፍሉ፤ ለተወራው ደቂቃ ያካፍሉ። ለምሳሌ 120 ደቂቃ ገዝታችሁ 70ውን ብቻ አውርታችሁ ቀኑ ካለፈ የከፈላችሁት ለ70 ነው። ትልቁ ጥቅል በደቂቃ ርካሽ መስሎ የሚታየው እስከ መጨረሻው ለሚጠቀምበት ሰው ነው። ቡና የሚገዛበትና የማይገዛበት ወር ስለሚለያይ እኔ ብሆን በሳምንት የሚታደሰውን እመርጣለሁ።

የዘጌውን ሰብሳቢ በተመለከተ ዋጋ ብቻ አይዩ። ሰውየው ቡናው ጫካ ውስጥ ሲሆኑ የትኛው ኔትወርክ እንደሚይዝላቸው ራሳቸውን ይጠይቁ። ሦስት ጊዜ እየተቆረጠ የሚደወል ርካሽ ጥሪ ከአንድ ደህና ጥሪ የበለጠ ያስከፍላል፤ በገንዘብም፣ በንዴትም። ጠዋት ጀልባው ሳይነሣ የሚፈለገው ወሬ ካልደረሰ ደግሞ ቡናው ለዚያ ቀን ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እናትዎ ላይ እንዴት እንጫን? አንጭንም። ዓይናቸው የደከመን ሰው “ይሄ 07 ነው፣ ይሄ 09 ነው፣ ሲም አንድ፣ ሲም ሁለት” እያሉ በየጥሪው ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ደዋዩ ሰው የለመደው አደዋወል መለወጥ የለበትም፤ ምርጫው ከእጀታው ኋላ መሠራት አለበት። እነዚያ የድሮ ሣጥኖች ከነጉድለታቸው አንድ ያከበሩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አያትም ሆነ ልጅ እንደ ወትሮው ይደውላል፣ ሒሳቡን ሣጥኑ ያስባል።

ስለዚህ ለእናትዎ የምመክረው ሲም የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ ነው። መልኩ ከመደበኛው ስልክ አይለይም፤ እጀታ አለው፣ ቁልፎቹ ትላልቅ ናቸው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ለቻርጅ ብቻ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ሲም አስገብተው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት፤ ሽምብጥ ቤታችሁ ውስጥም ኔትወርክ የሚይዝበትን ጥግ ይፈልጉ። ብዙዎቹ የተመዘገበ ቁጥር በአንድ ቁልፍ የሚደውሉበት የማስታወሻ ቦታ አላቸው። አንዱን ለጎንደር፣ አንዱን ለዘጌው ሰብሳቢ፣ ሌላውን ለእርስዎ አድርገው ይመዝግቡና ከቁልፉ አጠገብ በትልቅ ፊደል ጽፈው ይለጥፉ። ለእናትዎ ስልክ አንድ ሲም፣ ወደ ሁሉም ኔትወርክ የሚያስደውል ጥቅል ይበቃል። ጥቂት ብር ቢወደድም ምንም እንዲመርጡ አያስገድዳቸውም። የ09ኙንና የ07ቱን ብልሃት እርስዎ በራስዎ ሞባይል ይሥሩበት።

የእርስዎ ስልክ ሁለት ሲም የሚወስድ አንድሮይድ ከሆነ የሚፈልጉት ሣጥን ኪስዎ ውስጥ ነው። ሴቲንግ ውስጥ የሲም ካርድ ክፍል ገብተው የጥሪ ሲሙን “ሁልጊዜ ጠይቅ” የሚለው ላይ ያድርጉት። ከዚያ አንድ ደንበኛ ዘንድ ሲደውሉ ስልኩ በየትኛው ሲም እንደሚደውል ይጠይቃል፤ በብዙ ስልኮች ላይ “ለዚህ ሰው አስታውስ” የሚል ምልክት አብሮ ይወጣል። ያንን አንድ ጊዜ ከነኩት ከዚያ ወዲያ ለዚያ ሰው አይጠይቅም። የዘወትር ደንበኞቻችሁ አንድ በአንድ ሲያልፉ ሰንጠረዡ ሳያውቁት ተሞላ ማለት ነው። በመነሻ ቁጥር ብቻ ሲም የሚመርጡ አፖችም አሉ፤ ነገር ግን የጥሪ ዝርዝራችሁንና የስልክ ማውጫችሁን በሙሉ ለማይታወቅ ሰው ከመክፈት በእጅ መሙላቱን እመርጣለሁ። ብቻ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ በ+251 የተመዘገበ ቁጥርና በ0 የተመዘገበ ቁጥር አንድ ሰው ነው። ደንቡ ለአንደኛው ሠርቶ ለሌላው እንዳይስት ሁሉንም በአንድ መልክ ይመዝግቡ። 

መደበኛውን ስልክ ግን አያስቆርጡ። ደንበኞች ለዓመታት የሚያውቁት ቁጥር ለንግድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሲደወልላችሁም አትከፍሉም። የወር ኪራዩን ለዚህ እንደምትከፍሉ ቁጠሩት። ጥሪውን ከመደበኛው ወደ ሞባይል አዙሩልን ብላችሁ ግን እንዳታስመዘግቡ፤ ጥሪው ከመደበኛው ስልክ ወደ ሞባይሉ የሚዞርበት ክፍል የሚታሰበው በእናንተ ላይ ነው። ደግሞ ከአዲሱ ሲም መደወል ከመጀመራችሁ በፊት ለደንበኞቹ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ላኩላቸው። ያለዚያ የአዲስ አበባ ነጋዴ የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም፤ እናንተም ለምን ዝም አለን ትላላችሁ።

እዚህ ላይ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብዬ፣ ከሐይቁ ዳር ፔንሲዮን ወይም ቢሮ ኖሯችሁ የራሳችሁ የስልክ ማዞሪያ (መስመሩን ለየክፍሉ ስልኮች የሚያከፋፍል መሣሪያ) ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ቃል ልበል፤ እናንተ ጋ ደዋይ ማስተካከል እውነትም ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ተበላሽቶ አየዋለሁ። ማዞሪያው ደንቦቹን የሚያነበው በተጻፉበት ቅደም ተከተል ከሆነ ጠባቡ ደንብ ከሰፊው መቅደም አለበት። “በ0 የሚጀምር ሁሉ በዚህ ይውጣ” የሚለው ከላይ ከተጻፈ 00 የሚለው የውጭ ጥሪ ደንብ መቼም አይደርሰውም፤ የውጭ ጥሪው ሁሉ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አጫጭሮቹ፣ ማለት 991 ፖሊስና 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ፤ ቀጥሎ 00፤ ቀጥሎ 09 እና 07፤ ቀጥሎ 058ና 011፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ሁሉ። የአገራችን ቁጥር ከ0 ጀምሮ አሥር አሃዝ ስለሆነ አሥረኛው እንደተጫነ ላክ ብላችሁ እዘዙት፤ ያን ካላደረጋችሁ ማዞሪያው ሌላ አሃዝ ይመጣ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ እንግዳው መስመሩ የሞተ መስሎት ይዘጋል። የውጭ ቁጥር ርዝመቱ የተወሰነ ስላልሆነ እሱን ይጠብቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዞሪያውን ከመብራት ነቅላችሁ አንድ ስልክ አንሡ። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መደበኛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዕከሉ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። መካከል ላይ ያስገባችሁት መሣሪያ ግን መብራት ሲጠፋ መስመሩን የሚዘጋ ከሆነ፣ አምቡላንስ በሚያስፈልግበት ሌሊት ቤቱ ድምፅ አልባ ነው። እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ የቱንም ያህል ብር ቢያተርፍ ቤቴ አላስገባውም።

ወደ ፍራንክፈርት የሚደረገው ጥሪ አጭር መልስ ነው ያለው። በመደበኛም በሞባይልም 0049 አትደውሉ፤ ወንድምዎም በስልክ መስመር 00251 አይደውል። በዋትሳፕ፣ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ተደዋወሉ። የድምፅ ጥሪ ብቻ ከሆነ በደቂቃ የሚበላው ዳታ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ቪዲዮው ነው የሚውጠው። ስለዚህ ዕለት ዕለት በድምፅ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቪዲዮ ብትሉት እናትዎም የልጃቸውን ፊት ያያሉ፣ ጥቅሉም አይሰቃይም። ስልኩን እርስዎ ከፍተው፣ ድምፁን ማጉያ ላይ አድርገው ፊታቸው ያስቀምጡላቸው። ሰዓቱን ደግሞ ልብ በሉ፤ ጀርመን በክረምቷ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በበጋዋ በአንድ ሰዓት። እኛ ጋ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲል እሱ ጋ ገና ከሥራ መውጫ ነው።

አሁን ጎረቤትዎ። የሰውየው መሣሪያ በተለምዶ ሲም ቦክስ የሚባለው ይመስለኛል። ከውጭ የሚደወለው ጥሪ በኢንተርኔት ቤቱ ይገባል፤ መሣሪያው ውስጥ ከተደረደሩት ሲሞች በአንዱ በኩል ይወጣና ተቀባዩ ጋ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይደርሳል። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ በሕጋዊው በር ቢገባ የሚከፈለው ክፍያ በዚህ መንገድ ይቀራል፤ የሰውየው ትርፍ ከዚያ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ እየደወለ ስልካችሁ ላይ የ09 ቁጥር ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ መንገዱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በእስራት የሚያስጠይቅ ነው። ነገሩ ደግሞ ተደብቆ አይቀርም። አንድ ሲም ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ቀኑን ሙሉ ወደማይተዋወቁ ሰዎች ሲደውልና ለራሱ አንድም ጥሪ ሳይቀበል ሲውል ኩባንያዎቹ ይለዩታል። ሲሙ ሲለይ መጀመሪያ የሚታየው የተመዘገበበት ስም ነው። መሣሪያው ጎረቤት ቤት ነው፣ ገንዘቡ ጎረቤት ኪስ ነው፤ መታወቂያው ግን የእናትዎ። መርማሪ መጥቶ በር ቢያንኳኳ ቡና ከዘጌ ከማስመጣት በቀር ሌላ ነገር የማያውቁ እናት ምን ብለው ይመልሳሉ? በየወሩ የሚሰጣችሁ ብር የዚህ ዋጋ ነው። ጎረቤት ነውና ማስቀየሙ ሊከብዳችሁ ይችላል። “በእናታችን ስም ለሰው ሲም አናወጣም” ብላችሁ ንገሩት፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት የለባችሁም።

ሲሞቹን ከወዲሁ ሰጥታችሁት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ተቀበሉት። አልመልስም ቢላችሁም አትለማመጡት፤ እናትዎን ይዘው፣ መታወቂያቸውን ይዘው ወደ ኩባንያው ሱቅ ይሂዱና ቁጥሮቹ እንዲዘጉ ያድርጉ። እግረ መንገድዎን በስማቸው ስንት ሲም እንደተመዘገበ ይጠይቁ፤ የማያውቁት ቁጥር ካለ እሱንም ያዘጉ። ከቁጥሮቹ በአንዱ የቴሌብር ሒሳብ ተከፍቶ እንደሆነም እዚያው ያጣሩ፤ የዘጉበትንም ማስረጃ በጽሑፍ ተቀብለው ይመለሱ።